ፏፏቴ ላለው ከተማ ስም ማውጣት

«ምንጭ አምባ» ይላል ልጁ።

«የታሸገ ውሃ» ይላል አባቱ፣ አገጩን የሸፈነው አረፋ ሳይነቃነቅ። «ባለ ግማሽ ሊትሩ።»

ልጁ ይሰርዘዋል። ሠላሳን ያለፈ ሰው ነው፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ረቂቁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ልብ ወለዱ ሁሉ ነገር አለው። ከንቲባ አለው፣ ፏፏቴ አለው፣ የእሳት አደጋ መኪና ሳይቀር አለው። የከተማው ስም ብቻ ጠፍቶ በየገጹ ቦታው ላይ ነጠብጣብ ተደርድሯል። አሳታሚው ደግሞ «እኔ ነጠብጣብ አላትምም፤ ዛሬውኑ ስም አምጣ» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቶበታል።

«ሰላም ሜዳ።»

«መቃብር።»

«ሐመልማል።»

«የሴቶች ፀጉር ቤት።»

«የሴቶች ፀጉር ቤት ምን አለው ጋሼ?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ እየቀየረ። «ከኛ በብዙ ይሻላል። ቢያንስ ደንበኞቹ ፀጉር አላቸው።»

አባቱ ፀጉር አለው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። እዚህ የሚመጣው ጢሙን ለመላጨት ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ገና ወጣት ስለሆነ «ጋሼ» ከማለት በቀር ስለሰውየው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ይመስለዋል።

መምህር አልነበረም። የዚሁ ከተማ ከንቲባ ነበር። ውሃ የሌለው ፏፏቴ አሠርቶ፣ ለምረቃው ዕለት የከተማውን ብቸኛ የእሳት አደጋ መኪና ከአጥር ኋላ ደብቆ፣ በቱቦ ውሃ ወደ ላይ እያስረጨ ሪባን የቆረጠ እሱ ነው። ጭብጨባው ሳያባራ ከገበያው በኩል የፍራሽ መጋዘን ተቃጠለ። ሰው አልሞተም። ከተማው ግን ለብዙ ቀን የተቃጠለ ስፖንጅ ሲሸት ከረመ።

ልጁ ይህን ሁሉ እየሳቀ ጻፈው፤ ጽፎ ሲጨርስ ፈራ። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ከእሱ ስም ቀጥሎ የሚታተመው የአባቱ ስም ነዋ። ስለዚህ የልብ ወለዱ ከተማ ሩቅ መሆን አለበት፤ አንባቢ ጣቱን ወደዚህ ወንበር እንዳይቀስር።

አባቱ ረቂቁን ትናንት አንብቦታል። አልተቆጣም። «ከተማው ስም ይፈልጋል» ብቻ ነው ያለው። ዛሬ የሚወጣለትን ስም ሁሉ ግን እየጣለ ነው፤ ልጁም ነገሩን ከፍርሃት ቆጥሮታል።

«ታዲያ ምን ዓይነት ስም ይሁን አባዬ?»

«ሰው ሲሰማው የት እንደሆነ የሚገባው።»

«እኔ እኮ የምለፋው እንዳይገባው ነው።»

«አውቃለሁ።» አባቱ በመስታወቱ ውስጥ ፀጉር አስተካካዩን ያየዋል። «እስቲ ለወንድምህ ንገረው፣ የፏፏቴውን ነገር። የማንንም ስም እንዳትጠራ።»

ልጁ ሳይወድ በግዱ ይናገራል። መኪናው ከአጥር ኋላ ሲደበቅ ምላጩ የአባቱ ጉንጭ ላይ ቆም ይላል። ፍራሾቹ መቃጠል ሲጀምሩ ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ አምልጦት እጁን ያርቃል።

«እንዴ! ይሄማ የኛው ነው! ማንን ልትሸውድ ነው? ይሄ አደባባዩ ላይ ያለው አይደል እንዴ?»

የልጁ ጆሮ ይግላል። አባቱ ግን ወንበሩ ላይ ቀጥ ይላል፣ ፎቶ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው።

«የቦርጮ ፏፏቴ!» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

ቦርጮ ከአባቱ በኋላ የተሾመው ከንቲባ ቅጽል ስም ነው።

«ቀና ይበሉልኝ ጋሼ።» ምላጩ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። «ያኔ እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ግን ሁሉም ሰው የቦርጮ ነው የሚለው። አሁንም ስንቀጣጠር ‹ቦርጮ ጋ ጠብቀኝ› ነው የምንባባለው። አቤት ጉደኛ! እንደሱ ያለ ከንቲባ ይህ ከተማ አላየም። ከሱ በፊት ግን ማን ነበር? ነበር እንዴ ሰው?»

አባቱ መናገር አይችልም። ማንቁርቱ ከምላጩ ስር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይመለሳል።

«ምራቅዎን አይዋጡ ጋሼ፣ እንዳልቆርጥዎት።»

ልጁ እፎይ ማለት ነበረበት። እሱ ቀኑን ሙሉ ስም ሲያወጣና ሲጥል ያላገኘውን መደበቂያ ከተማው ራሱ ሠርቶ ጨርሶታል። ግን መስታወቱን ቀና ብሎ ማየት ያቅተዋል።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀምጦ ፎጣ በሙቅ ውሃ ሊነክር ወደ ጓዳ ይገባል። አባቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል።

«የዚህን ከተማ ስም ጻፍ።»

«ያዋርድሃል አባዬ።»

«ማንን?»

ልጁ ብዕሩን አንስቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካለው ነጠብጣብ በላይ የከተማውን ስም ይጽፋል። ተወልዶ ያደገበት ከተማ ነው፤ ልብ ወለድ ውስጥ ሲገባ ግን ፊደሎቹ እንግዳ ይሆኑበታል።

ፀጉር አስተካካዩ እንፋሎት የሚተን ፎጣ ይዞ ይመለሳል።

«ጻፍክ?» ይላል አባቱ።

«ጻፍኩ።»

«የምረቃውን ዓመተ ምሕረትም ጨምርበት።»

ፎጣው ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ይሸፍነዋል። የሚቀጥለው ቃል ታፍኖ ይቀራል፤ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ይነሳና ወደ ወንበሩ ጎንበስ ይላል። ነጩ ጨርቅ አፉ ያለበት ቦታ ላይ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ከስሩ አባቱ ዓመቱን ቁጥር በቁጥር እየነጠለ ይነግረዋል፣ ቀስ ብሎ፣ ጸሐፊው እንዳይሳሳት።