በጥር የመጣው ጎርፍ

«ቀዩ ክር ጀልዴሳ ምን ይሠራል?» አለ ነጋ፣ ጣቱን ከሰሌዳው ምስማር ላይ ሳያነሳ።

«አሸዋ ያስጭናል» አለ፣ የግንባታውን ፕላን በዚያ ሰሌዳ ላይ በክር የሚያወጣው ክፍሉ።

ነጋ በመስኮቱ ወደ ደቻቱ አየ። ኮምፒዩተሩን ይዞ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው፤ ግን ከቢሮው ሥር የተዘረጋው ደረቅ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ መሆኑን ለማየት ሳምንትም አያስፈልግም።

«ድሬዳዋ ተቀምጦ፣ አሸዋ ፍለጋ ጀልዴሳ?»

«የጀልዴሳው ሌላ ነው አቦ! ማታ አንድ እፍኝ በትነህ ብታድር፣ ጠዋት ግድግዳ ሆኖ በቅሎ ታገኘዋለህ። ባለፈው አንድ ግመል ተንከባለለበትና ይኸው እስከ ዛሬ ተለስኖ እንደቆመ ነው።»

ነጋ ሳቀ። ጣቱን ግን አላነሳም።

ቀዩ ክር የግንበኞቹ አለቃ ሰማታር ነው። እናቱ ጀልዴሳ እያጣጣረች ነው፤ እሱም እሷው ዘንድ ነው። የሚሠሩት የእህል መጋዘን ለሠራተኞች ቀን ይድረስ ስለተባለ ፈቃድ ለማንም ተከልክሏል፤ ሳያስፈቅድ የቀረ ሰው ደግሞ ስሙ ቀሪ አይደለም፣ አሻጥረኛ ነው፤ አሻጥረኛ የሚጠየቀውም እዚህ ቢሮ አይደለም። ስለዚህ ክፍሉ በጠዋት ገብቶ ክሩን ከ«ግንብ» ፈታና «አሸዋ» ላይ አሰረው። በዚህ ሰሌዳ ስንቱን ልደት፣ ስንቱን ለቅሶ አሳልፏል! ክር ደጉ፣ ይላላል።

«እህስ ክፍሉ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሣህሉ፣ ከቬንቲሌተሩ ሥር ሸሚዙን እያራገበ። «ነጋ ነገ አዲስ አበባ ይመለሳል። ፕላኑን በማሽኑ እናውጣ ወይስ በክርህ እንቀጥል? የምትሠራበት አንተ ነህ። ይበጃል ካልክ እፈርማለሁ።»

ክፍሉ አይበጅም ለማለት አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ዩሩብ ትዝ አለው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰማያዊ ክር ከምስማሩ ሾልኮ ወደቀ፤ ማንም አላየም። ጣሪያ ሳይወጣ ሲሚንቶ መጣ፣ ዝናብ ጠጣ፣ ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆነ። የተጠየቀው ክሩ አልነበረም፤ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ዩሩብ ነበር። ከእስር ተፈትቶ ከተመለሰ ወዲህ ክፍሉ የቱንም ያህል ቢቀባጥርለት አይስቅም። ይህ ማሽን ግን ትናንት ነጋ ሆን ብሎ ሲሚንቶውን ከጣሪያው ቢያስቀድምበት፣ እምቢኝ ብሎ እንደ ግትር በቅሎ ቆመ።

ዩሩብን ያስበላው የክሩ መላላት ነው። ሰማታርን የሸሸገውም ያው መላላት።

ሣህሉ ሰዓቱን አየ።

«ስማኝማ» አለ ክፍሉ ወደ ነጋ ዞሮ፤ «ይሄ ማሽንህ፣ ሰው ሳይሠራ ቀን የሚያልፍበት ቦታ አለው?»

ነጋ ቀዩን ክር አየ፣ ክፍሉን አየ፣ ቀስ ብሎም ጣቱን ከምስማሩ አነሳ።

«አለው። የመጠበቂያ ጊዜ ይባላል። ኮንክሪት እስኪደርቅ፣ መንገድ እስኪከፈት… ቀኑ ይያዛል፣ ማንም አይጠየቅበትም። ግን ምክንያቱን መናገር አለብዎት፤ ታትሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል።»

«አንተ በለኝ ባክህ፣ እዚህ አገር አንቱታ በሙቀት ይቀልጣል። ምክንያቱን ማን ይመረምረዋል? ማሽኑ?»

«ማሽኑ ቀን ነው የሚቆጥረው። ምክንያት የሚያነበው ሰው ነው።»

ክፍሉን የጨነቀው ይኸው ነበር። በአፍ የተወራ ውሸት የድሬ ንፋስ ይወስደዋል፤ የታተመ ውሸት ግን ፊርማ ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። የሚፈርመው ደግሞ ሣህሉ ነው።

«በል ጻፍ» አለ በመጨረሻ። «የግንበኞቹ ቡድን። ምክንያት፦ ጎርፍ።»

ነጋ ጻፈ። ማተሚያው እንደ ፌንጣ እየጮኸ ወረቀቱን ተፋው፤ ሣህሉ ቆርጦ ወሰደና አነበበ። ወሩ ጥር ነው። በጥር እንኳን ጎርፍ ጠል የለም።

«እንዴት ያለ ጎርፍ መሰለህ ጓድ ሣህሉ» ብሎ ጀመረ ክፍሉ፣ ላቡን እየጠረገ፤ «የአንዱን የመጋላ ሰፈር ሰውዬ ግመል ከነጭነቱ አንስቶ…»

ሣህሉ እጁን አነሳ። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳው ዘንድ ሄዶ ቀዩን ክር በጣቱ ነካ አደረገው፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ደረቁን ደቻቱ አየ።

«ዘንድሮ ቀድሞ መጣ» አለ። «መቼ የሚጎድል ይመስልሃል?»

ክፍሉ ዓይኑን ወደ ቀዩ ክር መለሰ።

«አላህ ነው የሚያውቀው» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሣህሉ ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ታች፣ ከቀፊራ ገበያ የሚመለሱ አህዮች አቧራውን እያቦነኑ ጎርፉን ተሻገሩት።