የዋሴ ታንኳ

የግቢው በር መዘጋቱን የሙዚየሙ መክፈቻ በዓል አስተባባሪ አቶ በእውቀቱ በድምፅ ማጉያ አበሠሩ። ከብት እንዳይገባ ነው፤ ይህንንም ወንጌል እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብለው አስረዱ። ሕዝቡ አጨበጨበ። በሩ የተዘጋው በሲባጎ ነበር።

የሙዚየሙ ጠባቂ አያልነህ አላጨበጨበም። ዓይኑ ዳሱ ሥር በተጋደመው፣ ከሐይቅ ዳር ቄጠማ ከደንገል በተሠራው ታንኳ ላይ ነው። ዋሴ በጎርፉ ዘመን መንደሩን ሲያሻግር አድሮ፣ በመጨረሻው ጉዞ እሱ ቀረ፤ ታንኳው ባዶውን ተመለሰ። ሬሳው አልተገኘም። ሚስቱ እትዬ ገላነሽ ታንኳውን ከማድቤታቸው ጣሪያ ሥር አንጠልጥለው፣ ደንገል የማይኖረውን ዕድሜ በጭስ አኖሩት። ሙዚየም ሊከፈት ነው ሲባል በሰው ሸክም አምጥተው ለአያልነህ አስረከቡት። አደራ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አያልነህ በክረምቱ ክፍሉን ኖራ ሊቀባ ታንኳውን ወደ ደጅ አወጣው። ለአንድ ቀን ብሎ ነበር። ኖራው አልደርቅ አለ፣ ዝናቡ አላባራ አለ፣ እሱም ረሳው። ትዝ ብሎት ሲያነሳው በእጁ ላይ ፈረሰ፤ ፍርስራሹን ከጓሮው ቦይ ጣለው። ከሐይቁ ዳር ሌላ በጥድፊያ አሠራና፣ ደንገሉ በቅጡ ሳይደርቅ፣ በኩበት ጭስ አጠቆረው።

አሁን እንግዶቹ በተራ እየመጡ ያደንቃሉ። ደንገል ሲያጭዱ ያደጉት አያ መንግሥቴ አንዱን ጫፍ በመዳፋቸው አንስተው መዘኑት፣ አሸተቱት፣ ቀና ብለውም አያልነህን አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው የድሮ ሰው እጅ መቼም ሌላ ነው አሉ። የቀሩት ሽማግሌዎችም እንደሳቸው መዘኑ፣ እንደሳቸው አሸተቱ፣ እንደሳቸው አመሰገኑ። በክብር እንግዳ ፊት ማን አፉን ያበላሻል።

እትዬ ገላነሽ ብቻ አልመዘኑም። ከታንኳው ጎን መሬት ላይ ተቀምጠው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሳሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ወንበር ላምጣልዎ?» አለ አያልነህ።

«ተወኝ ልጄ። ከሱ ጋር ነኝ።»

«መሬቱ ይቀዘቅዝዎታል።»

«እሱ ከተኛበት አይብስም።»

አያልነህ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። «እትዬ» እንዳለ ከሐሙሲት የተጋበዙት ዘግይተው ደረሱና ሲባጎው ተፈታ። ከኋላቸው አንዲት ቡራቡሬ ላም፣ እሷም የተጠራች ይመስል፣ ዘና ብላ ገባች። አቶ በእውቀቱ ስለ ቅርስ ዕድሜ እየተናገሩ ነበር። ላሚቱ በወንበሮቹ መካከል አልፋ የታንኳውን አፍንጫ አሸተተች፣ ነከሰች፣ ቦጨቀች። ታላምጥ ጀመር።

የተቆጣ ሰው አልነበረም። በዚያ ሜዳ፣ በጭስ የኖረ ደንገል ላም እንደማትነካ የማያውቅ የለም። ከተቦጨቀው ጥቁር ልጣጭ ሥር አረንጓዴው ወጥቶ ይታያል፤ ገና ውሃ አዝሏል። አያ መንግሥቴ ጫማቸውን ያያሉ። አቶ በእውቀቱ ንግግራቸውን አቁመዋል።

እትዬ ገላነሽ ነጠላቸውን ከታንኳው ላይ ሰበሰቡ። አረንጓዴውን በጣታቸው ነኩት፤ የረጠበ ጣታቸውን አዩት። ቀና ሳይሉ፣ ድምፃቸውንም ሳያነሱ፣

«አያልነህ» አሉ፣ «ዋሴን የት ጣልኸው?»

ላሚቱ ለሁለተኛው ጉርሻ ጎንበስ አለች።