በመዳፍ የተቀመሰ ወይን

ገበታውን የምታስተናግደው ሠራተኛ አሰለፈች ከወይኑ ጠርሙስ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። በአገሯ፣ እነሱ ቤት፣ ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው ክፉ ነገር እንደሌለበት ለእንግዳ የሚያሳየው እንዲህ ቀድሞ በመቅመስ ነበር። ከፍርሃቷ ብዛት ሮም መሆኗን ረሳችና እጇ የለመደውን አደረገ። "አሎራ! ከእንግዳዬ ቀድመሽ አንቺ ትጠጫለሽ?" አለች አሠሪዋ ሲኞራ ኤልቪራ። ጠዋት "ዛሬ ካሳፈርሽኝ ለፔርሜሶሽ አልፈርምም" ብላት ነበር። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካልታደሰ መመለሻዋ አዲስ አበባ ነው፤ ወንድሟን የወሰዱት አብዮት ጠባቂዎች የእሷንም ስም ይዘዋል።

"ለምን ቀመስሽው?" አሉ እንግዳው ሽማግሌ በተሰባበረ ጣልያንኛ። ከፈረንሳይ የመጡት የቤተሰባቸውን ነጭ ወይን ሊያስቀምሱ ነበር፤ አባታቸው ከተከሉት ወይን የተጠመቀ፣ በኦክ እንጨት በርሜል ከርሞ ወርቅ የመሰለ።

"መርዝ ቢኖርበት እኔ ልቅደም ብዬ ነው፣ ጌታዬ። በአገራችን ክብር ነው። ይማሩኝ!" ጠርሙሱን እንዳቀፈች ተንበረከከች።

ሽማግሌው ብርጭቆውን ገፋ አድርገው የተሰነጣጠቀ መዳፋቸውን ዘረጉ። "እኔም አባቴ መጀመሪያ ያቀመሰኝ በእጁ ነው። እዚህ ላይ ቅጂልኝ፣ ልጄ" አሉ። ቀዳችላቸው። ወይኑ በጣቶቻቸው መሃል እየሾለከ ነጩ የገበታ ጨርቅ ላይ ሲንጠባጠብ፣ የቀረውን ጠጥተው ከልባቸው ሳቁ። አሰለፈች ግን እሳቸውን አላየችም። የምታየው የሲኞራ ኤልቪራን እጅ ነበር። የአሠሪዋ እጅ ከጨርቁ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣና የመውጫውን በር አመለከተ።