ታፔላ የሚነቀልበት ጠዋት

ዶይል ሦስተኛውን ታፔላ ከአጥሩ ላይ ሲፈታ ሽቦው አውራ ጣቱን ቧጠጠው። ደሙን በሱሪው ጠርጎ ቀና ሲል በአጥሩ ወዲያኛው ጫፍ የቨርናን አሮጌ ፒክአፕ አየ። ማልዶ የመጣው ከማንም ጋር ላለመገናኘት ነበር።

እሷም የራሷን ልትነቅል ነው የመጣችው። የእሷ ታፔላዎች አረንጓዴ ናቸው፤ «ለልጆቻችን ስትሉ እሺ በሉ» ይላሉ። የእሱ ቀያዮቹ ደግሞ «ግብራችሁ እጥፍ ይሆናል፤ እምቢ በሉ»። ከተማው ከቤት ግብር የሚከፈል ቦንድ ሸጦ ፓርኩንና የተዘጋውን የመዋኛ ገንዳ ያድስ ወይስ ይቅር ተብሎ ትናንት ድምፅ ተሰጥቶ ነበር። እምቢ ባዮቹ ለጥቂት አሸነፉ። የእምቢ ባዮቹ አለቃ ዶይል፣ የእሺ ባዮቹ ቨርና ነበሩ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ አንተ ቋጣሪ!» አለች ከሩቅ።

«ስድብ ጠብቄ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ምርቃት መሰለህ? ቁርስ ሳልበላ ከዚህ በላይ አይወጣኝም።»

ጡረታ እስክትወጣ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ነው የኖረችው። የዶይልን ሁለት ወንዶች ልጆች ያመላለሰችው እሷ ናት። እያነከሰች መጥታ እጁን አየችና ፒንሳዋን ዘረጋችለት። «በጥፍርህ ነው እንዴ የምትፈታው? እንካ።»

ጎን ለጎን ሆነው መፍታት ጀመሩ። ከአጥሩ ጀርባ ገንዳው ተሰነጣጥቆ ይታያል። ጥልቅ በነበረው በኩል ሣር በቅሎበታል፤ የብረት መሰላሉ ዝጎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«እህቴ ፐርል እምቢ ብላ ነው የመረጠችው፤ ሰምተሃል?» አለች ቨርና።

«የገዛ እህትሽ?»

«የገዛ እህቴ! የበተንከውን ወረቀት ይዛ መጣች። ‹እጥፍ ይሆናል ይላል፤ እውነት ነው?› አለችኝ። ምን ልበላት? ‹ዶይል ድንጋይ ራስ ነው፣ ግን አይዋሽም። ካለ አስልቶ ነው› አልኳት። በገዛ አፌ አንድ ድምፅ አስበላሁ።» ሳቀች።

ዶይል አልሳቀም።

ወረቀቱን ሲጽፍ የምሩን ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት የምትኖር ባልቴት የቤት ግብር አቅቷት አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት ስትሸጥ አይቷል፤ ያ ነገር ከሆዱ አልወጣም። ወረቀቱ በየደጁ ከተበተነ በኋላ ግን አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋ ምራቱ አነበበችውና ሹካዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ አሮጌው ቦንድ እኮ ዘንድሮ ተከፍሎ ያልቃል። አዲሱ እሱን ነው የሚተካው። ሁለቴ ቆጥረኸዋል። ግብሩ ቢጨምር ትንሽ ነው፤ እጥፍ የሚባል ነገር የለም።» ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወጥ ቤት ብቻውን ተቀምጦ ደግሞ ደጋግሞ አሰላው። ልክ ነበረች።

በዚያው ሳምንት ስለ ቦንዱ በተጠራ ስብሰባ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግጥም ብሎ ሞልቶ፣ ማይክራፎኑ በእጁ እያለ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «እውነት እጥፍ ይሆናል?» ሲል ጠየቀው። ዶይል «ወረቀቱ ላይ ያለውን አንብቡ» ብሎ ተቀመጠ። ጭብጨባው እስካሁን ጆሮው ውስጥ አለ።

«ቨርና» አለ፣ ሽቦውን ይዞ።

«አቤት?»

«ቁጥሩ ልክ አልነበረም። እጥፍ አይሆንም ነበር። አሮጌውን ቦንድ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።»

የቨርና እጆች ቆሙ። ገንዳውን አየች፤ ቀጥላ እሱን።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

እውነተኛው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት። እሷ ግን ዓይኑን ትክ ብላ እያየችው ነበር፤ ልጆቹን በጭቃና በበረዶ አመላልሳ ከደጁ ታወርድለት የነበረች ሴት።

«ትናንት ማታ» አለ። «ውጤቱ ከተነገረ በኋላ።»

ቨርና በረጅሙ ተነፈሰች። «ውይ ዶይል! እንቅልፍም በዓይንህ አልዞረም፤ ፊትህ ይናገራል።» እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። «በቃ፣ ሰው አይደለህ? ትሳሳታለህ። ሌላው ቢሆን አፉን ዘግቶ ይቀር ነበር። አንተ በማግስቱ ነገርከኝ። ለፐርል ‹አይዋሽም አላልኩሽም?› ነው የምላት።»

«ለፐርል ባትነግሪያት…»

«ዝም በል! እነግራታለሁ።»

እጇ ትከሻው ላይ ከበደው። እንድታነሣለት ፈለገ፤ ፈቀቅ ማለት ግን አቃተው።

ይሄኔ ልጆች ፎጣ በአንገታቸው ጠምጥመው በመንገዱ ላይ እየተንጫጩ ብቅ አሉ። ወደ ወንዙ እየወረዱ ነው። «ሚስ ቨርና! እኛ ሄድን!»

«እኔ ሳልደርስ ውኃ የነካ ሰው ጆሮውን ነው የምቆርጠው!» ብላ ጮኸችባቸው። ወደ ፒክአፑ ተመልሳ ወፍራም ገመድ ከኋላ ጎተተች። ገንዳው ከተዘጋ ወዲህ በጋ በመጣ ቁጥር ልጆቹን እየጠበቀች ወንዙ ዳር የምትቀመጠው እሷ ናት። አምና ውኃው አንዲት ልጅ ይዞ ሲሄድ ያወጣቻት በዚሁ ገመድ ነው።

«ታፔላዎቼን መኪናው ላይ ጣልልኝ፤ ጎንበስ ቀና ማለቱ ጉልበቴን ፈጀው» አለችና ቁልቁለቱን ጀመረችው።

ዶይል አረንጓዴዎቹን ታቅፎ ቆመ። ቨርና ገመዱን በትከሻዋ አንግታ፣ ደህናውን እግሯን እያስቀደመች በጎን በጎን ትወርዳለች። ልጆቹ ቀድመዋት ከዓይን ጠፍተዋል።

«ቨርና!» ሲል ተጣራ።

ዞር ሳትል፣ «ግዴለህም» እንደሚል ሰው እጇን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችለትና ወረደች።