ለማን የተሰፈረ ውሃ

የአባቷ ኩላሊት ከደከመ ወዲህ የቤቱ የውሃ ሹም እሷ ናት። በቀን ሁለት ኩባያ ብቻ ትሰፍርለታለች፤ ከበዛ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ታቆመዋለች፤ እስከሚቀጥለው የኩላሊት እጥበት ኪሎው ካሻቀበ ውሃ ሰርቋል ማለት ነው።

ዛሬም አንድ ኪሎ ጨምሯል። ሲጨምር ሦስተኛ ቀኑ ነው።

"አባዬ፣ ደግሞ ሰረቅክ?"

"አንቺን ይንሳኝ! ከሰፈርሽልኝ ሌላ ጠብታ አልቀመስኩም።"

"ይቺ ምክንያት እንኳን ውሃ አታነሳም!"

ትናንት እኮ ኩባያውን ወደ አንድ ዝቅ አድርጋ፣ የውሃ ቆጣሪውን ዘግታ፣ የጓዳውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ነው የዋለችው። ታዲያ ከየት ጠጣ? ቀና ብላ አየችው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ምላሱ ከላንቃው እየተጣበቀ ያስቸግረዋል። እንዲህ የደረቀ ሌባ አይታ አታውቅም።

"እስቲ ውረድ።"

ወረደ። ባዶው ሚዛን ግን ሦስት ኪሎ ይላል። በእግሯ ነካ አደረገችው፤ ያው ሦስት ነው።

"ልጄ፣" አለ አባቷ በሻከረ ድምፅ፣ "ውሃዬን ለማን ነው የምትሰፍሪው?"

ከሚዛኑ በላይ፣ ማንም በሌለበት፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ሲዋጥ ተሰማ።

ቁጥሩ አራት ሆነ።