እርሾ ከብሎክ ሰባት

ይታይሽ ከሰዓት ሽማግሌዎች ሴት ልጇን ለጋብቻ ሊጠይቁ ይመጣሉ ብላ፣ ደብቃ ባቆየችው በረኪና ሽንት ቤቱን ፈትጋ አጠበችው። በረኪና ከተከለከለ ስንት ዘመኑ! ፎቁ ሁሉ የሚጠጣው የራሱን እጣቢ ነው፤ ምድር ቤት ታንከር ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቆሻሻውን ይበሉታል፣ ስስ ወንፊት አጥልሎ ይመልሰዋል።

ወዲያው ቧንቧው ቀጥ አለ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጨረስሽን!" አለ የታንከሩ ጠባቂ ጋሽ ደቻሳ በሩ ላይ ቆሞ። "ነፍሳቱ አንድ አልቀሩም።"

"በሞትኩት! ለሽማግሌዎቹ የእጅ ውሃ እንኳን የለኝም እኮ!"

"እንግዲያ የነፍሳቱን እርሾ ለምነሽ አምጪ። ትርፍ ያለው ብሎክ ሰባት ብቻ ነው።"

ብሎክ ሰባት! እዚያ ታንከር የምትጠብቀው ደግሞ ሽማግሌዎቹን የላከው፣ አማቿ ሊሆን ያሰበው ልጅ እናት፣ ያቺ ወሬኛ ሙሉነሽ ናት። "ከስንቱ ፎቅ መርጦ!" እያለች ይታይሽ ባልዲዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ሙሉነሽ በሩን ከፍታ የይታይሽን እጅ አሸተተች።

"በረኪና! ለእኛ ስትይ ነው?"

"እባክሽ ሙሉዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።"

ሙሉነሽ እርሾውን፣ የሚገማውን ጥቁር አተላ፣ ባልዲ ሙሉ ቀዳችላትና ሳቋ አመለጣት።

"ልጅሽን ልንለምንሽ ስንል ቀድመሽ ለመንሽን? በይ ሂጂ፣ እሺ ብለናል!"