የግራው እጅጌ

ወይዘሮ ፍሮሜት ሳሏን ዋጥ አድርጋ ቀና ስትል፣ ዜርሊን የምትሰፋውን ነጭ በፍታ ከሽርጧ ሥር ስትወሽቅ አየቻት። በአልቶና ከተማ የአይሁድ ሴቶች ማኅበር ለድሆች ባለእጅጌ መግነዝ ሲሰፋ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእሷ ዓይን ያመለጠ ነገር የለም። ዛሬ ደግሞ ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ይንሾካሾካሉ።

«ምን ደበቅሽ አንቺ?»

«ኧረ ምንም፣ እትዬ።»

መንጭቃ ዘረጋችው። መግነዝ ነው። እንደ ወጉ ክሩ ቋጠሮ የለውም፤ የግራው እጅጌ ግን ከቀኙ አራት ጣት ያጥራል።

«ይሄን ጉድ ነው የደበቅሽኝ? ሟቿ ትታዘበናለች፤ ተርትሪው!»

መቀስ ያነሳ የለም። ፍሮሜት ራሷ ልታነሳ፣ በልጅነቷ ተሰብሮ አጥሮ የቀረ ግራ እጇን ዘረጋች፤ እጅጌው አጠገብ ሲደርስ ግን ቆመ። ከጎኑ አስተኛችው። ልኩ ነው።

«ለእኔ ሳልሽ የብርድ ነው ብሎኛል ሐኪሙ» አለች፣ አንድ በአንድ እያየቻቸው። «ለእናንተስ ምን ነገራችሁ?»